ቀድሞ ያፈራ ቡና
በልጅነቱ የቴሌቪዥን ተዋናይ ስለ ሆነ ሰው የሥራ ሕይወት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሚዛን ተፈሪ የቀረበ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው ከሙያችን ክልል ጥቂት ወጣ ያለ ርእስ አንሥቼ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር መናገሩን ትቼ፣ በልጅነቱ በቴሌቪዥን ታይቶ ስሙ ስለ ገነነ፣ በኋላም እንደማንኛውም ሰው ኑሮውን መምራት ስላለበት ተዋናይ ለመናገር መረጥሁ። ርእሱን አስቀድመው የሰሙ ጓደኞቼ «መሐንዲስንና ተዋናይን ምን አገናኛቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ የእኛ ሙያ ስለ ጭነትና ስለ ጊዜ የሚያስብ ሙያ ነው፤ ምን ያህል ሸክም፣ በምን ዕድሜ፣ በምን ድጋፍ ላይ ይጫን የሚለው ጥያቄ የዕለት እንጀራችን ነው። ሁለተኛው፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ካሜራ ወደዚህ የቡና አገር ደጋግሞ መምጣት ጀምሯል፤ በመጣም ቁጥር መብራትና ጄኔሬተር፣ ድምፅና መጓጓዣ የሚያዘጋጀው ከመካከላችን ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

ይህ አዳራሽ የቆመው በቡና አገር ስለ ሆነ፣ ንግግሬን ሁላችሁም ከምታውቁት ነገር ብጀምር ይሻላል። ቡና በተፈጥሮው የደን ውስጥ ዛፍ ነው። በዋንዛ፣ በብርብራና በሳሳ ጥላ ሥር ሲያድግ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ከተተከለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ለለቀማ የሚበቃ ፍሬ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያፈራል። ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ የተተከለ፣ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ያረፈችበት ለጋ ቡና ግን ያለ ዐቅሙ ያብባል፤ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስም ፍሬ ይሸከማል። አላፊ አግዳሚው «እንዴት ያለ ምርት ነው!» እያለ ያደንቃል። ነገር ግን ፍሬው ቅጠሉና ሥሩ ሊያዘጋጁት ከሚችሉት በላይ ምግብ ስለሚስብ፣ ዛፉ ይዝላል፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ይመጣል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ከዐቅም በላይ በማፍራት የሚደርስ የቅርንጫፍ ድርቀት ይሉታል። በዚህ ጊዜ ዛፉን የጎዳው ከውጭ የመጣ ተባይ አይደለም፤ የራሱ ፍሬ ነው። መድኃኒቱም ቡናውን እንዳያፈራ መከልከል አይደለም፤ ጥላ መስጠት፣ መመገብና ቅርንጫፉን በጊዜው መግረዝ ነው።

በልጅነቱ በቴሌቪዥን የገነነ ተዋናይ ሕይወት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል የሚል አሳብ አለኝ። ማስረጃውን ግን ከምሳሌው ሳይሆን ከሰዎቹ ታሪክ መፈለግ ይገባናል።

ልጆችና የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የልጆች ጊዜ የተባለውን ዝግጅት ለአርባ ሁለት ዓመታት ያህል የመሩት ተስፋዬ ሣህሉ፣ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁበት ስም «አባባ ተስፋዬ» ነበር። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት እኚህ ሰው አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴቶች በተዋናይነት ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው ተጫውተዋል፤ ዘፍነዋል፤ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫውተዋል፤ የምትሐት ትርኢት አሳይተዋል፤ የተረት መጻሕፍትም ለልጆች አሳትመዋል። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኔ ባደግሁበት በቴፒ አካባቢ ባለ የቡና እርሻ መንደር፣ ቴሌቪዥን የነበረው በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ነበር። የአባባ ተስፋዬን ተረት የሰማነው እኛ ልጆች ወለሉ ላይ ተደራርበን ተቀምጠን ነው። እርሳቸው ልጆችን የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ ይጠሯቸው እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በቡና አገር ላደገ ልጅ ይህ አጠራር ተራ ማሞገሻ አልነበረም። አበባና ፍሬ በአንድ ቀን እንደማይገኙ፣ የቡና አበባ ከታየ በኋላ ቀይ እሸት እስኪለቀም ድረስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር እንደሚያስፈልግ እናውቅ ነበርና። በዚያ ዝግጅት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሥራውን ሸክም የሚሸከሙት ሽማግሌው ነበሩ፤ ልጆች ወደ ስቱዲዮው ሲመጡ የሚመጡት በእንግድነት ነው። ተረቱን ሰምተው፣ ስማቸውን ተናግረው ወደ ትምህርት ቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ የሚያስቆማቸው አድናቂ፣ በየሳምንቱ የሚጠብቃቸው የሥራ ውል አልነበረም።

ሌላው ምሳሌ በኋላ የመጣ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአዲስ አበባ መምህርት ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት አሰናዳች፤ ዝግጅቱም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ለትምህርታዊ ዝግጅቶች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አገኘ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ነገር ግን በቀጭኔ አምሳል የተሠራች አሻንጉሊት ናት፤ ድምፅ የምትሰጣትም ብሩክታዊት ራሷ ናት። ይህን በመሐንዲስ ዓይን ስመለከተው እጅግ ብልህ የሆነ አሠራር ሆኖ አገኘዋለሁ። ፀሐይ አትደክምም፤ ከትምህርት አትቀርም፤ ድምፅዋ አይጎረንንም፤ ሰባት ዓመት ሞላት ተብላም ከሥራ አትሰናበትም። በልጅነት ላይ የሚጫነው ሸክም ሁሉ በጨርቅና በስፖንጅ ላይ አርፏል።

ይሁን እንጂ ተረት በአሻንጉሊት ሊነገር ቢችልም፣ የቤተሰብ ድራማ ያለ ልጅ አይሠራም። ባለፉት ዓመታት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዝተዋል፤ ተከታታይ ድራማዎችና ማስታወቂያዎችም እንደዚሁ። በሲኒማ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው የይፋ ተመራጭ የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ታሪኩን በሙሉ ያስቀመጠው በአንድ ትንሽ ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ልጆቻችን ታላቅ ሥራ መሥራት እንደሚችሉ ለዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ለእኛ አዲስ የሆነው ነገር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕይወት ነው። ስለዚህም ይህ ጉዳይ ቀድሞ ወደ ደረሰባቸው አገሮች ዘወር ብለን እንመልከት።

የደረቀው ቅርንጫፍ

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ። በአሜሪካ የፊልም ከተማ ግን ይህ ተረት የተገለበጠበት ዘመን መጣ፤ ልጅ ያቦካው ለቤተሰቡ ሁሉ ለእራት በቃ፤ ለልጁ ግን ሳይተርፍለት ቀረ።

ጃኪ ኩገን እ.ኤ.አ. በ1914 ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በአንድ ፊልም ተጫውቶ ዓለም ሁሉ ያወቀው ሕፃን ሆነ። በልጅነቱ ያገኘው ገንዘብ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይገመት ነበር። አካለ መጠን ሲደርስ ግን ገንዘቡን እናቱና የእንጀራ አባቱ አጥፍተውት አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሰሳቸው፤ በመጨረሻ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበር። በጊዜው የነበረው ሕግ የልጅ ገቢ የወላጅ ንብረት ነው ይል ነበርና። የሕዝቡ ቁጣ እ.ኤ.አ. በ1939 በካሊፎርኒያ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አስወጣ። ያ ሕግ ብዙ ቀዳዳ ስለ ነበረበት እ.ኤ.አ. በ2000 ተሻሽሎ ሥራ ላይ ሲውል፣ የልጁ ገቢ የልጁ ንብረት መሆኑን ደነገገ፤ ከገቢውም 15 ከመቶው ልጁ አካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ ማንም በማይነካው ዝግ ሂሳብ እንዲቀመጥ አዘዘ። ኩገን ራሱ በኋለኛው ዕድሜው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1966 በቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ላይ ተጫውቶ እንደገና ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞተ።

የጋሪ ኮልማን ታሪክ ደግሞ የቴሌቪዥን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተወለደው ይህ ተዋናይ ከ1978 እስከ 1986 በታየ ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲጫወት፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በኩላሊት በሽታ ይሠቃይ ነበር፤ ቁመቱም በዚሁ ምክንያት አጭር ሆኖ ቀረ። ተመልካቹ ሕፃን የሚመስለውን ወጣት እያየ ይስቅ ነበር። ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1989 ገንዘቡን ያስተዳድሩ የነበሩትን ወላጆቹንና ሥራ አስኪያጁን ከሰሰ፤ በ1993 ፍርድ ቤቱ 1.28 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈረደለት። ገንዘቡ ግን አልበረከተም። በጥበቃ ሠራተኛነት የሠራበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በ42 ዓመቱ ዐረፈ።

የጥበቃ ሥራ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ ይህን የምናገረው በዚያ ለማፈር አይደለም። አሳዛኙ ነገር፣ በሥራው ላይ ሳለ እንኳ ሰዎች በራሱ ስም ሳይሆን በስምንት ዓመት ተከታታይ ድራማ ውስጥ በነበረው ስም የሚያውቁት መሆኑ ነው። ሌላው ሠራተኛ ሥራውን ለውጦ አዲስ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በልጅነቱ የታየ ተዋናይ ግን ያለፈው ፊቱ እየተከተለው ይኖራል።

በጥላ ሥር ያደገችው

አሁን ደግሞ ለእኛ ሙያ ቅርብ ወደ ሆነ ሕይወት ልለፍ። ዳኒካ ማክኬላር እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ ተወለደች። «ዘ ወንደር ይርስ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ዊኒ ኩፐር የተባለችውን ልጅ ሆና መጫወት የጀመረችው በ1988 በ13 ዓመቷ ነው፤ ድራማው በ1993 ሲያልቅ 18 ዓመት ሞልቷት ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ልጅ ወደ ወጣትነት በሚሸጋገርበት በዚያ አስቸጋሪ ዕድሜ፣ በየሳምንቱ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ፊት አደገች።

ከድራማው በኋላ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ሒሳብንም መረጠች። በዩኒቨርሲቲው ግቢ የማያውቋት ሰዎች በዊኒ ስም ይጠሯት እንደ ነበር፣ አንድ ቀን ግን በከባድ የሒሳብ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣሽው አንቺ አይደለሽምን ተብላ እንደ ተጠየቀች ራሷ ተናግራለች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ፣ ከድራማው ውጭ በራሷ ሥራ የምትታወቅበት ስም አገኘች ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀች። ተመራቂ ሳለች ከሌላ ተማሪ ከብራንዲ ዊንና ከመምህራቸው ከሊንከን ቼይስ ጋር ያረጋገጡት የሒሳብ ውጤት በዚያው ዓመት በታወቀ የፊዚክስ መጽሔት ታተመ፤ ዛሬ በሦስቱ ስም ይጠራል። ፍሬ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አሽኪንና ቴለር የተባሉ ሊቃውንት በ1943 ያቀረቡት አንድ የሒሳብ አምሳያ አለ። ጥያቄው፣ በየነጥቡ የሚገኙት ቅንጣቶች ሁሉ በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰለፉት መቼ ነው የሚል ነው። ሦስቱ ሰዎች ይህ ሥርዓት መገኘቱ ከስርገት ጋር፣ ማለትም እርስ በርስ የተያያዙ ነጥቦች ከዳር እስከ ዳር የማይቋረጥ መንገድ ከመክፈታቸው ጋር አንድ መሆኑን ለአምሳያው አንዳንድ ዓይነቶች አረጋገጡ። ስርገት ማለት ምን እንደ ሆነ ለቡና አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የፈላ ውሃ በተፈጨ ቡና ውስጥ መንገድ አግኝቶ ወደ ታች ማለፉ ነው። ሊቃውንቱም ራሳቸው ለማስተማር የሚያነሡት ምሳሌ ይኸው ነው።

ማክኬላር ከዚያ በኋላ ወደ ተዋናይነት ተመልሳለች፤ እስከ ቅርብ ዓመታትም በፊልም ትሠራለች። ከዚህም ጎን ከ2007 ጀምሮ ሒሳብ ለሚያስፈራቸው ልጃገረዶች በተከታታይ መጻሕፍት አሳትማለች። እንግዲህ የዚህች ሴት ሕይወት የሚያስተምረን ምንድር ነው? ተሰጥዎ ስለ ነበራት ተሳካላት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኮልማንም ተሰጥዎ አልጎደለውም። እኔ ልብ ያልሁት በዙሪያዋ የነበረውን ሥርዓት ነው። በካሊፎርኒያ ደንብ መሠረት ዕድሜው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ በትምህርት ቀን በቀረጻ ቦታ ሊቆይ የሚችለው 9 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ሥራው ከ5 ሰዓት አይበልጥም፤ 3 ሰዓት ትምህርት፣ 1 ሰዓት ዕረፍት ይሆናል። በቦታው የሚገኝ መምህርም ይመደባል። ይህ መምህር ልጁን ማስተማር ብቻ ሳይሆን ጤናውንና ደኅንነቱን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። በጥላ ሥር ማፍራት ማለት ይህ ነው። ሥርዓቱ ሁሉን አያድንም፤ ኮልማንም የሠራው በዚያው አገር ነበር። ነገር ግን የድራማው በር በተዘጋ ጊዜ የትምህርት ቤት በር ክፍት ሆኖ መቆየቱ፣ ለማክኬላር የሁለተኛ ሕይወት መነሻ ሆኗል።

የአገራችን ሕግና የቀረጻ ቦታ

በእኛ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠሩ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ የቀን ሥራ ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሌሊት ሥራ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የበዓል ቀን ሥራም እንዳይሠራ ያግዳል። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 በአንቀጽ 8 ላይ ልጆች በኪነ ጥበብ ትርኢት እንዲሳተፉ በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው በሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም የሥራውን ሰዓትና ሁኔታ መወሰን አለበት። መንፈሱ ግልጽ ነው፤ ኪነ ጥበብ ለልጅ አይከለከልም፤ ያለ መለኪያ ግን አይፈቀድም።

ወረቀቱ ይህን ሲል የቀረጻው ቦታ ምን እንደሚመስል፣ ያየሁትን አንድ ጉዳይ ብቻ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የፊልም ቡድን ወደዚህ አካባቢ መጥቶ በቡና ማሳ ውስጥ ቀረጻ ሲያካሂድ፣ ጄኔሬተሩንና የመብራቱን መሥመር የመቆጣጠር ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። ዋናው ተዋናይ ከአንድ መንደር የተመረጠ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ለሁለት ቀን የታሰበው ሥራ ዘጠኝ ቀን ወሰደ፤ ከዘጠኙም ሰባቱ የትምህርት ቀናት ነበሩ። የማታው ቀረጻ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቅ ስለ ነበር፣ ልጁ በመሐል በመሐል በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ይተኛና «ተራህ ደርሷል» ተብሎ ይቀሰቀሳል። የሚያጉላላው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ይወዱት ነበር፤ ብስኩትና ለስላሳ ይገዙለት ነበር። ነገር ግን ጄኔሬተሩ የሥራ ሰዓት መዝገብ ነበረው። ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ መቼ እንዳረፈ፣ 250 ሰዓት ሲሞላ ዘይቱ መለወጥ እንዳለበት በየዕለቱ እጽፍ ነበር። ለልጁ እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘለት ሰው አልነበረም።

ክፍያው ለአንድ ዘመዱ በእጅ ተሰጠ። ፊልሙ ታየ፤ ልጁም በአካባቢው ታወቀ። ዛሬ በትምህርት ቤቱ ጓደኞቹ የሚጠሩት በፊልሙ ውስጥ በነበረው ስም ነው። በመንገድ ባገኘሁት ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጋሼ፣ ሰዎቹ መቼ ነው ተመልሰው የሚመጡት?» ይለኛል። ሰዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ልጁ ግን ሥራው ማለቁን የነገረው ሰው የለም።

ባልደረቦቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በለቀማ ጊዜ ልጅ ከትምህርት ቀርቶ ቡና ሲለቅም ብናይ ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ መምህሩም ይቆጣል፤ ቀበሌውም ይጠይቃል። ያው ልጅ በዚያው ማሳ ውስጥ በካሜራ ፊት ቅርጫት ተሸክሞ ሲመላለስ ግን ጨዋታ ይመስለናል። ቅርጫቱ ግን ያው ቅርጫት ነው፤ ሰዓቱም ያው ሰዓት ነው።

ምን እናድርግ?

አርማታ ከተሞላ በሰባተኛው ቀን በሃያ ስምንተኛው ቀን ከሚኖረው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንደሚያገኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ላዩን ሲነኩት ድንጋይ ነው፤ ሥራው የቸኮለበት ተቋራጭ «ደርቋል» ብሎ ድጋፉን ሊያነሣ ይችላል። እኛ ግን ለላይ መልኩ ሳይሆን ለቀኑና ለናሙናው ምርመራ እንታመናለን። ልጅም በካሜራ ፊት እንደ ዐዋቂ ሲናገርና ሲያለቅስ የደረሰ ይመስላል። የቀኑን ቁጥር የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ለድኻ ቤተሰብ ያ ገንዘብ ብዙ ነው፤ ለምን እንከለክለዋለን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ብዙ ነው። ለዚህም ነው ከፊሉ በልጁ ስም እንዲቀመጥ የሚያስፈልገው፤ ጥቂት ቢሆን ኖሮ ስለ አያያዙ ባልተጨነቅንም ነበር። ሁለተኛው፣ «ደንብ ካበዛን ፊልም ሠሪዎች ወደዚህ አገር መምጣት ይተዋሉ» የሚል ነው። ጥሩ ሥራ መሥራት የሚፈልግ ቡድን የጄኔሬተሩን የዕረፍት ሰዓት እንደሚቀበል ሁሉ የልጁንም ይቀበላል፤ የማይቀበል ቢኖር ግን ባይመጣ የሚቀርብን ነገር ትንሽ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አራት አሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም አባላችን ልጅ ለሚሳተፍበት ቀረጻ የመብራት፣ የድምፅ ወይም የመጓጓዣ አገልግሎት ለመስጠት ሲዋዋል፣ ለልጁ የሥራ ሰዓት መዝገብ እንዲያዝ በውሉ ውስጥ ያስገባ። መዝገቡን ለመያዝ ከእኛ የተሻለ ልምድ ያለው የለም።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ቀን ቀረጻ እንዳይኖር፣ ግድ ከሆነም ከትምህርት ቤቱ ጋር በመስማማት ያመለጠው ትምህርት እንዲካካስና አንድ መምህር በቦታው እንዲገኝ እንጠይቅ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ለልጅ መብራት አናብራ። ማብሪያና ማጥፊያው በእጃችን ነውና ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።

ሦስተኛ፣ ከክፍያው ቢያንስ 15 ከመቶው በልጁ ስም በዝግ ሂሳብ እንዲቀመጥ፣ ቀሪውም በጽሑፍ ደረሰኝ እንዲከፈል እናበረታታ። በዚህ ረገድ ማኅበራችን ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን ጋር ተነጋግሮ፣ ወላጅ አንብቦ ሊረዳው የሚችል የአንድ ገጽ የውል ናሙና በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች ቢያዘጋጅ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል።

አራተኛ፣ ካሜራው ከሄደ በኋላ ስላለው ጊዜ እናስብ። ይህ ከሁሉ የሚረሳ ነው። ያረጀ ወይም የደከመ ቡና ሲሆን ገበሬው አይነቅለውም፤ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ትቶ ይጎነድለዋል። ጉንደላውን ያላየ ሰው ዛፉ የሞተ ይመስለዋል። ሥሩ ደኅና ከሆነ ግን አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥም እንደገና ያፈራል። በዓለም ላይ እንዲህ ያፈሩ ብዙዎች ናቸው። ሸርሊ ቴምፕል በ1930ዎቹ የሲኒማ ሕፃን ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1976 በጋና፣ ከ1989 እስከ 1992 በቼኮዝሎቫኪያ የአገሯ አምባሳደር ሆነች። ሮን ሀዋርድ በ1960ዎቹ በቴሌቪዥን ያደገ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በፊልም አዘጋጅነቱ ኦስካር ተሸለመ። ማይም ቢያሊክ በ1990ዎቹ በቴሌቪዥን ድራማ የታወቀች ልጅ ነበረች፤ በ2007 በነርቭ ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች። የሦስቱም ሥር ደኅና ነበር። ለልጅ ሥሩ ትምህርቱና ቤተሰቡ፣ በራሱ ስም የሚጠራው ጓደኛም ነው። እኛም በየአካባቢያችን እንዲህ ያለ ልጅ ስናገኝ በድራማው ስም መጥራቱን ትተን ስሙን እንጥራው፤ የሚወደውን ትምህርት እንጠይቀው፤ ወደ ወርክሾፓችን እናስገባው፤ ካሜራው እንዴት እንደሚሠራ እናሳየው። በፊቱ የቆመበትን መሣሪያ ፈትቶ መገጣጠም የቻለ ልጅ፣ ሰዎቹ ተመልሰው እስኪመጡ መጠበቅ አያስፈልገውም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ይህች የቡና አገር ካሜራ የሚወደው መልክ አላት፤ ደኗም ልጆቿም ያምራሉ። ካሜራው ወደፊትም ይመጣል፤ ይምጣም። ልጆቻችን ተረታቸውንና ቋንቋቸውን በራሳቸው አንደበት ለአገር ቢያሳዩ ደስታችን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ከመካከላችን ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ሲጠራ ግን ሁለት መዝገብ ይዞ ይሂድ፤ አንዱን ለሞተሩ፣ አንዱን ለልጁ። ስለ ሁለተኛው መዝገብ ስብሰባችን ዛሬ ተወያይቶ ውሳኔ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።